ከደመወዝ ይልቅ የአገልግሎት ክፍያ ለሚቀበሉ የጅማ ባለሙያዎች፦ ስለ ግብር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጅማ ከተማ ከመደበኛ ቅጥር ውጭ በውል ሠርተው የሚከፈላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ለዩኒቨርሲቲ ጥናቶች በየወረዳው እየዞሩ መረጃ የሚሰበስቡ፣ ሰነድ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚተረጉሙ፣ የነጋዴዎችን ሂሳብ በወር አንድ ጊዜ እየመጡ የሚያስተካክሉ፣ ለቡና ላኪዎች የጥራት ምክር የሚሰጡ፣ ኮምፒውተርና ኔትወርክ የሚጠግኑ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ገንዘቡ በእጃቸው ሲገባ ከደመወዝ የተለየ አይመስልም፤ ግብሩ ግን የሚሰላበት ሠንጠረዥ፣ የሚያስታውቀው ሰውና የሚከፈልበት ጊዜ ሁሉ የተለየ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች በዋናነት በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

እኔ ተቀጣሪ ነኝ ወይስ ራሴን ችዬ አገልግሎት የምሰጥ ሰው?

የሚለየው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ማን እንደሆነ ነው። የግብር ሕጉ ተቀጣሪ የሚለው በቋሚነትም ሆነ በጊዜያዊነት በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር ሆኖ የሚሠራን ግለሰብ ነው። በአንጻሩ ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ የሚባለው የሥራውን ውጤት ለማስረከብ ተስማምቶ፣ አሠራሩን የመምራትና የመወሰን ሥልጣን በአብዛኛው በራሱ እጅ ያስቀረ ሰው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዋጋ እየተከፈለው በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ሽፋን ውጭ አድርጎታል።

በተግባር መታየት ያለባቸው ነገሮች ግልጽ ናቸው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓትዎን ሌላ ሰው የሚወስን፣ የሚሠሩበት ዕቃ የድርጅቱ የሆነ፣ በታመሙ ጊዜ በሌላ ሰው ለመተካት የማይፈቀድልዎት፣ የቅርብ አለቃ ያለዎትና ክፍያዎ ሥራ ቢበዛም ቢያንስም በወር በወር የማይለዋወጥ ከሆነ ተቀጣሪ መሆንዎ ያመዝናል። የራስዎን ላፕቶፕ ይዘው፣ ለሦስትና ለአራት ደንበኞች በአንድ ጊዜ እየሠሩ፣ ዋጋውን ራስዎ አቅርበው፣ ሥራው ቢበላሽ በራስዎ ወጪ የሚያስተካክሉ ከሆነ ደግሞ ራሱን የቻለ ባለሙያ ነዎት። አንዱ ምልክት ብቻውን አይወስንም፤ የሚታየው አጠቃላይ ግንኙነቱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች በብዛት ይታያሉ። የመጀመሪያው ውሉ የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት መሆኑ ሰውን ከተቀጣሪነት ያወጣዋል ብሎ ማሰብ ነው፤ ጊዜያዊ ሠራተኛም ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው በቁርጥ መከፈልን ከነጻ ባለሙያነት ጋር ማመሳሰል ነው። በአሠሪው ሥልጣን ሥር ሆኖ በሠራው ልክ የሚከፈለው ሰውም በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሠረት የሥራ ውል ያለው ሰው ነው።

ውሉ «አገልግሎት ሰጪ» ይለኛል፤ ሥራዬ ግን በየቀኑ ቢሮ መግባት ነው። ውሉን መፈረሜ ጉዳዩን ይዘጋዋልን?

አይዘጋውም። ለውሉ የተሰጠው ርዕስ እውነተኛውን ግንኙነት አይለውጠውም። አንድ ድርጅት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋን ወይም ጥበቃውን «የአገልግሎት ውል» አስፈርሞ በየወሩ ቢከፍል፣ ከደመወዝ ላይ ተቀንሶ መከፈል የነበረበትን የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ከመክፈል ነጻ አይሆንም። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ መሠረት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ስሙ የሚቀየረው ይህንን 11 በመቶ ለማዳን ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ግብር የመቀነስ ግዴታ ያለበት ድርጅት ሳይቀንስ ቢቀር ግብሩን ራሱ ተጠያቂ ሆኖ ይከፍላል፣ በላዩም መቀነስ ከነበረበት ግብር 10 በመቶ የሚሆን አስተዳደራዊ ቅጣት ይጠብቀዋል።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው በቅድሚያ ጥያቄውን በጽሑፍ ለድርጅቱ ማቅረብ፣ መልስ ካጣ ደግሞ ጉዳዩን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው የከተማው ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። የሰዓት መቆጣጠሪያ ፊርማ፣ የሥራ ትእዛዝ የተላለፈበት መልእክት፣ የድርጅቱ መታወቂያና የባንክ ሒሳብ መግለጫ ከውሉ ወረቀት ይልቅ ጠቃሚ ማስረጃዎች ስለሆኑ ከወዲሁ መሰብሰብ አለባቸው። ይህ እስኪለይ ድረስ «እኔ ተቀጣሪ ነኝ» ብሎ የግብር ጉዳይን መተው አደገኛ ነው፤ ከፋዩ በእርስዎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) አገልግሎት ሰጪ አድርጎ ካስመዘገበዎት በግብር ሰብሳቢው መዝገብ ላይ የሚታዩት እንደ ነጋዴ ነው።

ከክፍያዬ ላይ 3 በመቶ ተቆርጦብኛል። ግብሬን ከፍዬ ጨርሻለሁ ማለት አይደለምን?

አይደለም። ከሁሉም ጥያቄዎች ይልቅ ሰውን ለዕዳ የሚዳርገው ይህ ነው። ከተቀጣሪ ደመወዝ ላይ የሚቀነሰው ግብር የመጨረሻ ነው፤ አንድ አሠሪ ብቻ ያለው ሠራተኛ ግብሩ በትክክል ከተቀነሰለት በዓመቱ መጨረሻ የሚያስታውቀው ነገር የለም። ከአገልግሎት ክፍያ ላይ የሚያዘው፣ በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ የሚባለው፣ ግን ቅድመ ክፍያ ብቻ ነው። ከነጋዴ ወይም ከባለሙያ ዓመታዊ ግብር ላይ የሚታሰብ መያዣ ስለሆነ፣ ባለሙያው በዓመቱ መጨረሻ ገቢውን የንግድ ሥራ ገቢ በሚስተናገድበት በሠንጠረዥ «ሐ» አስታውቆ ጠቅላላ ግብሩን ማስላት፣ የተያዘበትን መቀነስና ቀሪውን መክፈል አለበት።

በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መጠኑ 2 በመቶ፣ ለአገልግሎት መነሻው 3,000 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ መጠኑ ወደ 3 በመቶ፣ የአገልግሎት መነሻው ወደ 10,000 ብር፣ የዕቃ ግዢ መነሻው ወደ 20,000 ብር ከፍ ብሏል። ቅድመ ግብሩን የመያዝ ግዴታ ያለባቸው እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የሕግ ሰውነት ያላቸው ድርጅቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ተቋማት ያሉት ከፋዮች ናቸው። መርካቶ ላለ ባለሱቅ የሂሳብ ማሽኑን ያስተካከለ ባለሙያ ምንም ላይቀነስበት ይችላል፤ ይህ ማለት ግን ያ ገንዘብ ከግብር ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ከፋዩ ገንዘብ በቀነሰ ቁጥር የቅድመ ግብር ደረሰኝ ይሰጥዎ ዘንድ መጠየቅ ግዴታ አድርገው ይያዙት። ደረሰኙ ከሌለ የተያዘብዎትን ገንዘብ ከዓመታዊ ግብርዎ ላይ ለማስቀነስ ማስረጃ አይኖርዎትም፤ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ የሂሳብ ክፍሉ ሠራተኛ ከተለወጠ በኋላ መፈለግ ደግሞ ከባድ ነው። በደረሰኙ ላይ ያለው ስምና የቲን ቁጥር የእርስዎ መሆኑን እዚያው ቆመው ያመሳክሩ። በዓመቱ የተያዘብዎት ገንዘብ ከግብርዎ በልጦ ከተገኘ ትርፉ የእርስዎ ስለሆነ ተመላሽ መጠየቅ ይቻላል።

በደመወዝ 15,000 ብር ከማግኘትና በአገልግሎት ውል 15,000 ብር ከማግኘት የትኛው ይሻላል?

በእጅ የሚገባው ብቻ ሲታይ የአገልግሎት ውሉ የሚሻል ይመስላል። በ2017ቱ ማሻሻያ መሠረት የ15,000 ብር ደመወዝተኛ በ35 በመቶ ተሰልቶ የሠንጠረዡ ቋሚ ተቀናሽ የሆነው 2,050 ብር ከወረደለት በኋላ 3,200 ብር የሥራ ግብር፣ በ7 በመቶ ደግሞ 1,050 ብር የጡረታ መዋጮ ይቀነስበታል። የሚደርሰው 10,750 ብር ነው። አገልግሎት ሰጪው 3 በመቶ ማለትም 450 ብር ተይዞበት 14,550 ብር ይወስዳል።

ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሌላ ሥዕል ይታያል። የሂሳብ መዝገብ ይዞ በትርፉ ላይ የሚከፍል ባለሙያ በዓመት 180,000 ብር አግኝቶ በደረሰኝ የተደገፈ 40,000 ብር ወጪ ቢኖረው፣ ግብር የሚከፈልበት ትርፉ 140,000 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው 24,000 ብር ግብር የለበትም፤ ቀጣዩ 24,000 ብር በ15 በመቶ 3,600፣ ከዚያ 36,000 ብር በ20 በመቶ 7,200፣ ሌላ 36,000 ብር በ25 በመቶ 9,000፣ የቀረው 20,000 ብር በ30 በመቶ 6,000 ብር ያስከፍላል። ድምሩ 25,800 ብር ነው። በዓመቱ የተያዘበት 5,400 ብር ሲቀነስ በአንድ ጊዜ 20,400 ብር ይዞ መቅረብ አለበት። ወጪውና ግብሩ ሁሉ ሲነሳ በወር በአማካይ ከ9,520 ብር ያነሰ ይቀረዋል፣ ያውም ያለ ጡረታ፣ ያለ ዓመት ፈቃድና ያለ ሕመም ፈቃድ።

ስለዚህ በቅጥር የሚከፈለውን ዋጋ ለአገልግሎት ውል እንዳለ መቀበል ኪሳራ ነው። ዋጋ ሲያቀርቡ አሠሪ ቢሆን ኖሮ ያዋጣልዎት የነበረውን 11 በመቶ፣ የራስዎን ወጪና ሥራ የማይኖርባቸውን ወራት አስበው ይደራደሩ። በየወሩ ከሚገባው ገንዘብ ላይ የግብሩን ድርሻ በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ደግሞ በክረምት ከመበደር ያድናል።

እኔ የየትኛው ደረጃ ግብር ከፋይ ነኝ? መቼስ ነው የማስታውቀው?

የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ከማሻሻያው በኋላ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በደረጃ «ሀ» ሲመደብ፣ ከዚያ በታች ያለው ግለሰብ በደረጃ «ለ» ይመደባል፤ ቀድሞ የነበረው ደረጃ «ሐ» ቀርቷል። በሌላ አነጋገር በጅማ በአገልግሎት ውል የሚሠራ ብቸኛ ባለሙያ በአብዛኛው የሚያርፈው በ«ለ» ውስጥ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ደረጃ «ሀ» የሂሳብ መዝገብ ይዞ፣ ወጪውን ቀንሶ በትርፉ ላይ ይከፍላል፤ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ ውስጥም ያስታውቃል። ደረጃ «ለ» ግን የሚስተናገደው በጠቅላላ ሽያጩ ላይ በተመሠረተ ሌላ ስሌት ስለሆነ፣ ከላይ ያየነው የ140,000 ብር ትርፍ ስሌት በቀጥታ አይመለከተውም። ለእርሱ ዋናው ነገር በዓመቱ ውስጥ የገባውን ጠቅላላ ክፍያ ሳያጎድሉ መመዝገብ ነው። የ«ለ» ጊዜ ከ«ሀ» ያጠረ በመሆኑ ጥቅምትን መጠበቅ አያዋጣም፤ ሐምሌ እንደገባ መሄድ ይበጃል። በግብር ሰብሳቢው ዘንድ በየትኛው ደረጃ እንደተመዘገቡም በዚያው ያረጋግጡ፤ ብዙ ሰው ደረጃውን የሚያውቀው የቅጣት ማስታወቂያ ሲደርሰው ነው።

በመሥሪያ ቤት ሳለሁ ያወጣሁት ቲን ይበቃኛልን?

ቁጥሩ ያው ነው፤ አንድ ሰው ከአንድ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በላይ ሊኖረው አይችልም። ነገር ግን በተቀጣሪነት ብቻ የተመዘገበ ቲን ለአገልግሎት ንግድ በቂ አይደለም። በሙያው መስክ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ወይም ሙያው የሚጠይቀውን የሙያ ፈቃድ አውጥቶ፣ በዚያው ቁጥር ላይ የንግድ ሥራ ገቢውን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ቲን ለማያቀርብ አገልግሎት ሰጪ ከፋዩ 30 በመቶ እንዲይዝበት አዋጅ ቁጥር 979/2008 ያዛል። «ለዚህች ለአንዲት ሥራ ብዬ ፈቃድ አላወጣም» የሚል ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው።

የምከፍለው ለፌዴራሉ የገቢዎች ሚኒስቴር ነው ወይስ ለክልሉ?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ውስጥ ከሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎች የንግድ ትርፍ ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ ተመዝግቦ የሚሠራ ግለሰብ ባለሙያ የሚስተናገደው በኦሮሚያ ገቢዎች ቢሮ ሥር ባለው የከተማው ጽሕፈት ቤት ነው። ክልሉ በራሱ አዋጅና መመሪያ የሚያስፈጽም በመሆኑ ለዓመቱ የሚሠራውን መጠን እዚያው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ግራ የሚያጋባው የከፋዩ ማንነት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ሆነ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የፌዴራል መንግሥት ተቋማት ናቸው፤ ከእርስዎ የያዙትን ቅድመ ግብር ገቢ የሚያደርጉት ለፌዴራሉ ነው። ይህ የእርስዎን ማስታወቂያ ወደ ፌዴራል አያዛውረውም። የያዙትን ለማስቀነስ ግን በደረሰኙ ላይ የሁሉም ዝርዝር በትክክል መሞላቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

መደበኛ ደመወዝ አለኝ፤ ቅዳሜና እሑድ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። ሁለቱ ይደመራሉን?

የኢትዮጵያ ገቢ ግብር በሠንጠረዥ የተከፋፈለ ስለሆነ አይደመሩም። ደመወዝዎ በሠንጠረዥ «ሀ» ተቆርጦ ያልቃል፤ የትርጉም ገቢዎ በሠንጠረዥ «ሐ» ለብቻው ይስተናገዳል። በመምህርነት ደመወዝ ላይ ግብር በመቆረጡ የትርጉሙ ገቢ ተሸፍኗል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የአሠሪዎ የሥራ ደንብ ተጨማሪ ሥራን የሚከለክል መሆን አለመሆኑ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

ክፍያው «የውሎ አበል» ተብሎ ቢሰጠኝስ?

የውሎ አበል ነጻነት የታሰበው ተቀጣሪ ከመደበኛ የሥራ ቦታው ርቆ ሲሄድ ለሚያወጣው ወጪ ነው። መረጃ ሰብሳቢ ለሠራው ሥራ የሚከፈለው ዋጋ በፔይሮሉ ላይ አበል ተብሎ ቢጻፍም የሥራ ዋጋ መሆኑ አይቀርም። ይህ ልማድ በጥናት ፕሮጀክቶች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ኦዲት ሲመጣ ጥያቄው የሚያርፈው በሰጪውም በተቀባዩም ላይ ነው።

የትኞቹን ወጪዎች ማስቀነስ ይቻላል?

ይህ የሚመለከተው በመዝገብ የሚስተናገደውን ግብር ከፋይ ነው። መመዘኛው ወጪው ገቢውን ለማግኘት፣ ለማስጠበቅና ለማስቀጠል የግድ የወጣ መሆኑ ሲሆን፣ የቢሮ ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ የመስክ ትራንስፖርት፣ ለረዳት የተከፈለ ገንዘብና የመሳሰሉት ይገባሉ። የቤተሰብ ወጪ አይገባም። ግማሹ ለቤት፣ ግማሹ ለሥራ በሚውል ስልክ ላይ የሚቀነሰው የሥራው ድርሻ ብቻ ነው።

እንደ ኮምፒውተር ያለ ዕቃ የተገዛበት ዋጋ በአንድ ዓመት ተጠቃልሎ አይቀነስም። በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት በቀጥታ የእርጅና ቅናሽ ዘዴ በዓመት 20 በመቶ እየተባለ ይቀነሳል፤ 60,000 ብር የወጣበት ላፕቶፕ በዓመት 12,000 ብር ያስቀንሳል ማለት ነው። ያለ ደረሰኝ የተገዛው ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ ለግብር ሲባል እንዳልተገዛ ይቆጠራል።

ከውጭ አገር ደንበኛ የሚላክልኝ ገንዘብስ?

የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው በዓለም ዙሪያ ባገኘው ገቢ ላይ ግብር ይከፍላል። ጅማ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ሶፍትዌር የሚሠራ ወጣት ከፋዩ እዚህ ባለመኖሩ ቅድመ ግብር የሚይዝበት የለም፤ ሙሉውን ራሱ ማስታወቅ አለበት። በውጭ አገር ግብር ከተቀነሰበት ማስረጃውን ይያዝ፤ በሕጉ በተወሰነው ልክ ይታሰብለታል።

ያለፉትን ዓመታት ሳላስታውቅ ቀርቻለሁ። አሁን ብቀርብ ምን ይጠብቀኛል?

በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የግብር ማስታወቂያን ማዘግየት ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ የሚጀምር ቅጣት ያስከትላል፤ ይህ ቅጣት ከ25 በመቶ አይበልጥም። የዘገየ ክፍያ ቅጣትና ወለድ ለብቻቸው ይታሰባሉ። ዕዳው በጊዜ ብዛት የሚያድግ ስለሆነ ዛሬ መቅረብ ከሚቀጥለው ወር ይረክሳል።

«ማን ያውቅብኛል» የሚለው ግምት አያዋጣም። ከፋዮች ቅድመ ግብር ሲያስገቡ የተቀባዩን ስም፣ ቲንና የክፍያውን መጠን ዘርዝረው ያቀርባሉ። ግብር ሰብሳቢው ይህን ይዞ በግምት ግብር ሊወስን ይችላል፤ በግምት የተወሰነ ግብር ደግሞ የእርስዎን ወጪ አያውቅም። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ንግድ ፈቃድ ለማደስ ወይም ጨረታ ለመግባት ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ማስረጃ፣ በተጠየቀ ቀን ነው፣ ያኔ ደግሞ ለመደራደር ጊዜ የለም።

የተወሰነብኝ ግብር ትክክል ባይመስለኝስ?

ለውሳኔው በጽሑፍ ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል። በፌዴራሉ አዋጅ የጊዜ ገደቡ የውሳኔው ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ 21 ቀን ነው። ተቃውሞው የትኛው ቁጥር ስሕተት እንደሆነ፣ ለምን ስሕተት እንደሆነና ትክክለኛው ስንት መሆን እንዳለበት ከማስረጃ ጋር መግለጽ አለበት። ማስታወቂያው የደረሰዎትን ቀን በወረቀቱ ላይ ጽፈው ያስፈርሙ፤ 21ዱ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።